በደሴ የታየ፣ በጋዜጣ ያልወጣ፦ የ1965ቱ የወሎ ረሃብና የመረጃ አፈናው

የ1965 እና የ1966ቱ የወሎ ረሃብ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው በሁለት መንገድ ነው፤ አንድም እንደ ድርቅ ታሪክ፣ አንድም እንደ አብዮቱ መግቢያ። እኔ እዚህ የማነሣው የመረጃውን ታሪክ ነው። ማን ምን ያውቅ ነበር? ያወቀው ለምን ዝም አለ? አፉን የከፈተውስ ምን ገጠመው? ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጦ ዜና የሚሠራ ሰው ከዚህ የቀረበ ትምህርት የሚያገኝበት ጉዳይ ያለ አይመስለኝም። የሆነው በእኛው አውራ ጎዳና ላይ፣ በእኛው ገበያና በእኛው ቢሮዎች ውስጥ ነውና።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። በዚያ ዓመት መረጃው ነበረ፤ በገበሬው አፍ፣ በወረዳው መዝገብ፣ በሚኒስቴሩ ሪፖርት፣ በሹፌሩ ዓይን ውስጥ ነበረ። ያልነበረው መረጃውን አደባባይ አውጥቶ እንጀራውን ሳያጣ፣ ሳይታሰርም ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ነው። የሞቱት ወገኖች ቁጥር በተለያዩ ግምቶች ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል። በግምቶቹ መካከል ያለው ይህ ሰፊ ልዩነት ራሱ የአፈናው ውጤት ነው። ሰው ሲሞት የቆጠረም፣ የጻፈም አልነበረም።

መንገዱ ያየው

የ1964 ክረምት በምሥራቅ ወሎ ቆላ ዝናቡ አጠረ። ተከትሎ የመጣው የ1965 በልግም ከዳ። ራያና ቆቦ፣ የጁ፣ የአምባሰል ቆላ፣ ቃሉ ክፉኛ ተጎዱ። በአውሳ ደግሞ አፋሮቹ ከድርቁ በፊት ሌላ ጉዳት ደርሶባቸው ነበር፤ በክፉ ቀን የሚሸሹበት የአዋሽ ዳር ግጦሽ ለጥጥ እርሻ ተወስዶባቸዋል። ስለዚህ ዝናብ ሲጠፋ ከብቱ የሚሄድበት አልነበረውም፤ ከብቱ ሲያልቅ ሰዉ ተከተለ።

ገበሬው በመጀመሪያ በሬውን ሸጠ፣ ቀጥሎ የቤት ዕቃውን፣ በመጨረሻ ቤቱን ዘግቶ ወጣ። የወጣውም ወደ አስፋልቱ ነው። ከአዲስ አበባ በኮምቦልቻና በደሴ አልፎ ወደ አሥመራ የሚዘልቀው መንገድ ዳርና ዳሩ በተራቡ ሰዎች ተሞላ። አውቶቡስና የጭነት መኪና እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ነበር። ይህ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ተደብቆ የነበረ ችግር አይደለም። በአገሪቱ ካሉት ዋና ዋና መንገዶች በአንዱ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ነጋዴም ሹምም የውጭ አገር ሰውም በሚያልፍበት ቦታ የታየ ነው።

ከፊሎቹ አዲስ አበባ ድረስ ደረሱ። በ1965 የመጀመሪያዎቹ ወራት የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ከወሎ የመጡ ስደተኞችን መርዳት ጀምሮ ነበር። ችግራቸውን ለመንግሥት ሊያሰሙ በብዛት የተጓዙ ገበሬዎች ግን በከተማዋ ዳርቻ በፖሊስ ተመለሱ። እኔ ይህን ጉዞ ከጉዳዩ ሁሉ አስቀድሜ አየዋለሁ። ጋዜጣ የሌለው ሰው ራሱን ጋዜጣ አድርጎ፣ በእግሩ ተሸክሞት የሄደ ዜና ነው። የተመለሰውም ዜናው ነበር።

በቢሮ በኩልም ወረቀቱ አልጠፋም። የግብርና ሚኒስቴር በ1965 መጀመሪያ ያካሄደው የሰብል ዳሰሳ በወሎ ምርት መጥፋቱን ያሳይ ነበር። ሪፖርቱ ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ተላከ። ለሕዝብ ግን አልወጣም።

የደሴ ገበያ ለምን አልጮኸም?

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ለጋዜጠኛ ዋናው ትምህርት ያለው በዚህ ነጥብ ላይ ይመስለኛል።

ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ስለ ድህነትና ረሃብ በ1981 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተመው ጥናቱ የወሎን ጉዳይ መርምሯል። የደሴን ገበያ የእህል ዋጋም ተመልክቷል። ያገኘው አስደንጋጭ ነው፤ ሕዝብ በሚያልቅበት ዓመት በደሴ የእህል ዋጋ ከቀደሙት ዓመታት እጅግ አልራቀም። በአገር አቀፍ ደረጃም የምርቱ መቀነስ መጠነኛ ነበር። ከወሎ ወደ ሌላ አካባቢ እህል ይወጣ እንደነበርም የሚያሳዩ መረጃዎች ነበሩ። ማብራሪያው ግልጽ ነው፤ ገበሬው ምርቱን ሲያጣ ምግቡንም ገቢውንም በአንድ ጊዜ አጣ። የሚሸምትበት ገንዘብ የሌለው ሰው ደግሞ ዋጋ አያስወድድም። ሰኞ ገበያ እህል ተቆልሎ ሳለ፣ ከገበያው ጥቂት ርቀት ላይ ሰው በረሃብ ሊሞት ይችላል ማለት ነው።

ይህ ለመረጃ ምን ማለት እንደሆነ እናስብ። ዋጋ ሲንር ከተሜው ይጮኻል፤ የመንግሥት ሠራተኛው ያጉረመርማል፤ ወታደሩ ደመወዝ ይጨመርልኝ ይላል። ዋጋ ደወል ነው፤ በወሎ ደወሉ አልተደወለም። ደሴ ቢሮው ውስጥ የገበያ ዋጋ ብቻ እያየ የሚቀመጥ ሹም ነገሩ ያን ያህል አልከፋም ብሎ ራሱን ማሳመን ይችል ነበር። ስለዚህ የቀረው ብቸኛ ምልክት የሰው ምስክርነት ነው፤ ያየ ሰው ያየውን መናገሩ። ገበያ ዝም በሚልበት ቦታ ጋዜጠኛና ጥቆማ ሰጪ ከሌሉ፣ ረሃብ እስከ መጨረሻው ድምፅ ሳያሰማ ሥራውን ይሠራል። ሴን በኋላ፣ ነጻ ፕሬስና ዴሞክራሲ ባለበት አገር ከባድ ረሃብ ደርሶ አያውቅም ብሎ ሲከራከር፣ ከመነሻዎቹ አንዱ ይኸው የእኛ አገር ታሪክ ነው።

ዝምታው እንዴት ተሠራ

በሥራ ላይ የነበረው የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የንግግርና የጋዜጣ ነጻነት በሕግ መሠረት የተጠበቀ መሆኑን ይደነግግ ነበር። ድንጋጌው በወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። በተግባር ግን አዲስ ዘመንም ሆነ ሄራልድ የመንግሥት ጋዜጦች ነበሩ፤ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም እንዲሁ። ጋዜጠኛው የማስታወቂያ ሚኒስቴር ደመወዝተኛ ነበር። የሚጽፈው በሳንሱር ያልፋል። ለዋና ከተማው አለቆች የማይመች ዜና ይዞ ቢመጣ፣ ከሥራ መባረር ወይም ወደ ሩቅ ቦታ መዛወር ትንሹ ቅጣት ነው። ደሴ ውስጥ ደግሞ ራሱን የቻለ ጋዜጣ አልነበረም። በዚያ ዓመት አንድ የደሴ መምህር ወይም የሐኪም ቤት ሠራተኛ የሚያየውን ሊጽፍ ቢነሣ ወስዶ የሚሰጠው ደጅ አልነበረውም።

በዚህ ላይ ወሎ ተራ ጠቅላይ ግዛት አልነበረም። የገዢነቱ ማዕረግ የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ነበር፤ ሥራውን የሚመራው እንደራሴ ነው። አልጋ ወራሹ በ1965 አጋማሽ ገደማ በጠና ታመው ለሕክምና ወደ ውጭ ሄዱ። ስለ ወሎ ረሃብ መጻፍ ዙፋኑን የሚነካ ነገር መጻፍ ነው። የበታቹ ሹም ለበላዩ፣ የበላዩም ለቤተ መንግሥቱ ክፉ ዜና ማድረስ አልፈለገም። ቀኖቹም የክብረ በዓል ቀኖች ነበሩ። በ1964 ሐምሌ የንጉሠ ነገሥቱ ሰማንያኛ ዓመት ልደት ተከብሯል። በ1965 ግንቦት ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ ይከበራል። የአፍሪካ መሪዎች በሚሰበሰቡበት ከተማ የተራበ ገበሬ መታየት አልነበረበትም።

የውጭ ድርጅቶችም ከዚህ ነጻ አልነበሩም፤ ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። አዲስ አበባ ውስጥ የነበሩ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ሠራተኞች ሁኔታውን ያውቁ ነበር። የአስተናጋጁን መንግሥት ፊት ማየት ግን ለሥራቸው አስፈላጊ መስሎ ታያቸውና በአደባባይ ዝም አሉ። ዩኒሴፍ ስለ ሁኔታው ሪፖርት ባዘጋጀ ጊዜ፣ አንድ ከፍተኛ የመንግሥት ባለሥልጣን፣ እርዳታ የሚገኘው ነገሩ በዚህ መልክ ተገልጾ ከሆነ እርዳታው ይቅርብን፣ ኀፍረቱ አያዋጣም የሚል መልስ መስጠቱ ተመዝግቧል። የመልሱ ይዘት በቁጣ ይሞላኛል። ያፈረው መንግሥት ነው፤ በኀፍረቱ የተራበው ግን ሌላ ሰው ነው።

ፎቶግራፍ ይዘው የተመለሱት

ዝምታውን መጀመሪያ የሰበሩት ኢትዮጵያውያን ናቸው። ይህ በተደጋጋሚ ይረሳል። በ1965 ሚያዝያ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ተጉዘው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ ፎቶግራፎቹም በዩኒቨርሲቲው ለእይታ ቀረቡ። ብዙ የአዲስ አበባ ነዋሪ በአገሩ የሚሆነውን ያየው በዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ፤ ፖሊስ ተላከባቸው።

መምህራኑ ያደረጉትን በሙያ ዓይን ብናየው ትልቅ ሥራ ነው። ሐሜት አላወሩም፤ ቦታው ድረስ ሄደዋል፣ በዓይናቸው አይተዋል፣ ሊካድ የማይችል ማስረጃ ይዘዋል፣ ከዚያም ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ አቅርበዋል። ይህን ሲያደርጉ ደግሞ ሥራቸውንም ደመወዛቸውንም የያዘው ይኸው መንግሥት ነበር። ከለላ አልነበራቸውም። ያወጡት ማስረጃ ግን ከዩኒቨርሲቲው ቅጥር ግቢ አልዘለለም፤ ተቀብሎ የሚያትም ጋዜጣ አልተገኘምና። አዲስ ዘመን ያንን ፎቶግራፍ በፊት ገጹ በዚያው በሚያዝያ ቢያወጣው ኖሮ እርዳታ ከክረምቱ በፊት ሊነሣ ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ። ወራት ባከኑ። ረሃብ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ የሚቆጥረው በወር አይደለም።

የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወደ ወሎ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የተራቡት የተጠለሉባቸውን ካምፖች ቀርጾ ተመለሰ፤ ያልታወቀው ረሃብ የተባለው ዘጋቢ ፊልሙም በቴምስ ቴሌቪዥን አማካይነት በእንግሊዝ አገር ጥቅምት 8 ቀን 1966 ታየ። የእንግሊዝ ሕዝብ ገንዘብ አዋጣ፤ ሌሎች አገሮችም ተከተሉ። በዚያው በኅዳር ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ወሎን ጎበኙ። በመጨረሻም የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ።

ዲምብልቢ ጥሩ ሥራ ሠርቷል፤ ብዙ ነፍስም አድኗል። ነገር ግን በእሱና በእኛ ሰዎች መካከል የነበረው ልዩነት የድፍረት ልዩነት ተደርጎ እንዳይታሰብ። ልዩነቱ የአደጋው መጠን ነው። እሱ ቀርጾ በአውሮፕላን ይሄዳል፤ ፊልሙን የሚያሳይለት ጣቢያ አለው፤ መንግሥቱ አያስረውም። እሱን መንገድ ያሳየው ሰው፣ ያስተረጎመለት ሰው፣ ካምፑ በር ላይ ያነጋገረው የጤና ሠራተኛ ግን እዚያው ቀሪ ናቸው። እነዚህ ሰዎች በስማቸው የተጻፈ ነገር የላቸውም። ዛሬም ከውጭ የመጣ ዘጋቢ ደሴ ሲደርስ መጀመሪያ የሚፈልገው የአካባቢውን ሰው ነው፤ ዘገባው ከወጣ በኋላ የሚጠየቀውም ይኸው የአካባቢው ሰው ነው።

እውነቱ በሌላ እጅ ሲገባ

ፊልሙ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው ወደ አንድ ዓመት ገደማ ዘግይቶ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ነው። ያሳየው ደርግ ነው። እንደ መጀመሪያው ሳይሆን፣ በተራበው ሕፃንና በቤተ መንግሥቱ ግብዣ መካከል እየተፈራረቀ ተቀናብሮ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የቴሌቪዥኑ ሥርጭት በዚያ ጊዜ ከአዲስ አበባና አካባቢዋ ብዙ የማይርቅ ስለነበር፣ በምስሉ ላይ ያሉት የወሎ ሰዎች ራሳቸውን አላዩም።

ይህን ክፍል ብዙ ሰው የአፈናው ፍጻሜ አድርጎ ይወስደዋል። እኔ አልቀበለውም። ያ ምሽት አፈናው ባለቤት የቀየረበት ነው። በ1965 ሚያዝያ በጊዜው ቢታተም እህል ያመጣ የነበረው እውነት፣ ከታፈነ በኋላ መንግሥት መገልበጫ ሆነ። የያዘው ወገን ለእውነቱ ፍቅር ኖሮት አይደለም፤ ጠቃሚ ሆኖ ስላገኘው ነው። ለዚህ ማስረጃው ብዙ አልቆየም።

መጀመሪያ፣ ረሃቡን ማን ደበቀው የሚለው ጥያቄ በችሎት ሳይጣራ ቀረ። የሹማምንቱን ጥፋት የሚመረምር መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ሥራ ላይ ነበር። ይሁንና ኅዳር 14 ቀን 1967 ወደ 60 የሚጠጉ የቀድሞ ባለሥልጣናትና ሌሎች ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ፤ በረሃቡ አያያዝ የተወነጀሉ ሹማምንትም ከመካከላቸው ነበሩ። ሰዎቹ ሲሞቱ ምስክርነታቸውም አብሮ ሞተ። ሪፖርቱ በማን ጠረጴዛ ላይ ቆመ? ማን ለማን ምን ብሎ ጻፈ? ከሟቾቹ አፍ ልንሰማው የሚገባን መልስ ለሁልጊዜው ጠፋ።

ሁለተኛ፣ ደርግ ራሱ ያንኑ ደገመው። የእርዳታ ማስተባበሪያው ኮሚሽን በ1976 ከባድ ረሃብ እየመጣ መሆኑን አስጠንቅቆ ነበር። መስከረም 1977 ግን የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ወጪ የሚከበርበት፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታም የሚታወጅበት ጊዜ ነበር። እንደገና በዓል፣ እንደገና ዝምታ። ዓለም ነገሩን የሰማው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ያነሡት ምስል ጥቅምት 13 ቀን 1977 በቢቢሲ ከታየ በኋላ ነው። ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። ሁለት ሥርዓት፣ አንድ ክፍለ ሀገር፣ አንድ ዓይነት ዝምታ፣ በሁለቱም ጊዜ በዓለም ፊት ከውጭ በመጣ ካሜራ የተሰበረ።

ያ የሰብል ዳሰሳ ዛሬ ቢጻፍ

ጉዳዩን ወደ አሁኑ ሕግ አምጥቶ መፈተን ይገባል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብትን ያረጋግጣል፤ ቅድመ ምርመራንም (ሳንሱርን) ይከለክላል። የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ዜጋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋት ከእንግዲህ በወንጀል እንዳያስጠይቅ አድርጓል፤ ጋዜጠኛው የመረጃ ምንጩን እንዲጠብቅም መሠረት ጥሏል። ከ1965 ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ አቃልዬ አላየውም።

ሕግና ኑሮ ግን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ የስልክ ግንኙነት ተቋርጦ፣ ነዋሪው እየደረሰበት ያለውን ለውጭ ዘመዱ እንኳ መናገር አልቻለም ነበር። በ2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተራዝሞ ለአሥር ወራት ያህል ሲቆይ ጋዜጠኞች ታስረዋል። ከክልሉ የሚዘግብ ሰው አሁን ስልኩን ከማንሣቱ በፊት ምን እንደሚያስብ ለዚህ አንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ጋዜጠኛው አይደለም፤ ከጋዜጠኛው ጀርባ ያለው ሰው ነው። የሰብል ዳሰሳውን የሚሠራው የግብርና ባለሙያ ዛሬ በቃሉ ወይም በወረባቦ ምርት መጥፋቱን አይቶ ሪፖርት ቢያደርግ፣ አለቃውም ቁጥሩን አስተካክል ቢለው፣ ባለሙያው ወዴት ይሄዳል? አዋጅ ቁጥር 699/2003 የወንጀል ምስክሮችንና ጠቋሚዎችን ለመጠበቅ ወጥቷል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ነገር ግን የሚጠብቀው ከባድ ወንጀልን የሚመለከት መረጃ የሰጠን ሰው ነው፤ መነሻውም አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በጽኑ እስራት ወይም በሞት የሚያስቀጣ ጥፋት ነው። ሪፖርት ማዘግየት፣ ቁጥር ማሳነስ፣ ረሃብን የምግብ እጥረት ብሎ መጻፍ እዚያ መስፈርት ላይ አይደርስም። መረጃውን ለፖሊስ ሳይሆን ለጋዜጣ ወይም ለሬዲዮ የሰጠ ሰውም በዚህ አዋጅ ሥር ቦታ አያገኝም። በ1965 የጠፋው ቦታ ዛሬም በሕጉ ውስጥ አልተከፈተም።

ስለዚህ አዋጁ በሚሻሻልበት ጊዜ የጠቋሚ ትርጉም የሕዝብን ሕይወትና ጤና አደጋ ላይ የሚጥል መረጃ መደበቅን እንዲጨምር፣ ውስጥ ለውስጥ ተናግሮ መልስ ያጣ የመንግሥት ሠራተኛም ወደ መገናኛ ብዙኃን ሲሄድ ከሥራ መባረርና መዛወር እንዳይደርስበት በግልጽ መደንገግ አለበት። እስከዚያው ድረስ በደሴና በኮምቦልቻ የምንሠራ ሰዎች በእጃችን ያለውን ማድረግ እንችላለን። የምንጩን ስም በስልካችን አለማስቀመጥ፣ አንድ ሰው ብቻ ሊያውቀው የሚችለውን ዝርዝር ከዘገባው ማውጣት፣ ሰነዱን እንዳለ ከማተም ይልቅ ይዘቱን በሌሎች ምንጮች አረጋግጦ መጻፍ፣ ከውጭ ለመጣ ባልደረባ አስተርጓሚና ሹፌር ስናገናኝም ዘገባው ከወጣ በኋላ ስለ እነሱ ደኅንነት ማን ኃላፊነት እንደሚወስድ አስቀድመን በጽሑፍ መስማማት።